አንክል ኪሞ ያስቀሩት ልጅ

ይህ ነገር ከደረሰብኝ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ያን ጊዜ ማን ነበርሽ ብትሉኝ፣ ካሊፎርኒያ፣ ኢስት ኦክላንድ ባለች ጠባብ አፓርትመንት ከልጄ ከሶልያና ጋር የምኖር፣ በሳምንት ስድስት ቀን የሰው በሽተኛ የማስታምም ሴት ነበርኩ። ሥራዬ ኬርጊቨር ነው። ኤጀንሲው ወደየቤቱ ይልከኛል፤ እኔ አቅም ያጡ ሰዎችን አጥባለሁ፣ አጎርሳለሁ፣ አገላብጣለሁ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እሰጣለሁ። ብዙዎቹ እጄን እንደያዙ አርፈዋል። ሞትን ስለለመድኩት ከእንግዲህ የሚያስደነግጠኝ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ሶልያና አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። ገና ሕፃን ሳለች አባቷ ስለተለየን ብቻዬን ነው ያሳደግኳት። በትምህርቷ ጎበዝ ስለነበረች በዚያ ዓመት ኢስት ኮስት ካለ ትልቅ ኮሌጅ ሙሉ ስኮላርሺፕ አገኘች። አልሄደችም። እዚሁ ቅርባችን ያለ ኮሌጅ ለመግባት ተመዘገበች። ቤተ ክርስቲያን ሰው ሲጠይቀኝ፣ "ራሷ ናት የመረጠችው፤ እናቴን ጥዬ አልሄድም አለች" እላለሁ። ሴቶቹ "እንዲህ ያለ ልጅ ለሁላችንም ይስጠን" ይሉኛል፤ እኔም አሜን እላለሁ። ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ።

በዚያ ሰሞን ኤጀንሲው የላከኝ ሚልፒታስ፣ አንክል ኪሞ የሚባሉ የሃዋይ ሰው ቤት ነበር። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ካንሰሩ ጉበታቸው ስለደረሰ ሐኪሞቹ "ሕመሙን እናስታግሳለን እንጂ ሌላ የምናደርገው የለም" ብለው ወደ ልጃቸው ቤት ልከዋቸዋል። ልጃቸው ናኒ እዚያው ሚልፒታስ ኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ውስጥ የረጅም ሰዓት ሺፍት ትሠራለች። እሷ ስትወጣ እኔ እገባለሁ፤ እሷ ስትመለስ እኔ እወጣለሁ።

ገና የገባሁ ቀን "ሚስተር" ብዬ ስጠራቸው ናኒ አረመችኝ። "በእኛ አገር ትልቅ ሰው አንክል ነው የሚባለው፤ አንቺንም አንቲ እንልሻለን" አለችኝ። ደስ አለኝ። እኛም ጋሼ፣ እትዬ እያልን ስላደግን ቤቱን ወዲያው ለመድኩት። የምናወራው በእንግሊዝኛ ነበር፤ እኔ ግን በልቤ እንደሰማሁት በአማርኛ ነው የምጽፈው። ወይንሸት የሚለው ስሜ ለአፋቸው አስቸግሯቸው "ዌይኒ" ነበር የሚሉኝ።

አንክል ኪሞ የሚተኙበት ሳሎን ግድግዳው በሙሉ ፎቶ ነው። ሁሉም ፎቶ ላይ የራስ ቁር የያዙ፣ ትከሻቸው እንደ በር የሰፋ ወጣቶች አሉ። አንክል ኪሞ ዕድሜያቸውን የፈጁት የአሜሪካን ፉትቦል በማሠልጠን ነው፤ ያንን ሞላላ ኳስ ይዘው እየተጋጩ የሚጫወቱትን። በመጀመሪያ የሃይስኩል አሠልጣኝ ነበሩ፤ በኋላ የደሴቲቱ ኮሌጅ ተጫዋች የሚመለምል ሰው አድርጎ ቀጠራቸው። በአገራቸው ስማቸው የተጠራው አንድን ቡድን ለዋንጫ ስላበቁ አይደለም። ልጆች ስላስቀሩ ነው። እነሱ ሜይንላንድ ከሚሉት ከዋናው የአሜሪካ ምድር ትልልቅ ኮሌጆች በየዓመቱ እየመጡ የደሴቱን ጎበዝ ጎበዝ ልጆች ይወስዳሉ። አንክል ኪሞ ደግሞ ቤት ለቤት እየዞሩ፣ ከእናቶች ጋር እየተቀመጡ፣ "ልጅሽ እዚሁ ይጫወት፤ አያቱ ስታዲየም ገብታ ስሙን ትስማ" ይላሉ።

ከሄይዋርድና ከሳን ሆዜ የአገራቸው ሰዎች ሩዝና የታሸገ ሥጋ እየያዙ ሲጠይቋቸው ወሬው ሁሉ ይኸው ነበር። ከሁሉ በላይ የሚነሳው ማኮአ የሚባል ልጅ ነው። ፎቶው ከአልጋው ፊት ለፊት ተሰቅሏል። "ሜይንላንድ ሳይሄድ ለእኛ የቀረልን" እያሉ ያወሩለታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ደሴቲቱን አስጨፍሯት፣ በሦስተኛው ዓመት ጉልበቱ ተሰብሮ አቆመ። ከዚያ ኦክላንድ መጥቶ የመጋዘን ሠራተኛ ሆኗል። እንግዶቹ ስሙን ባነሱ ቁጥር አንክል ኪሞ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ሲያዞሩ አይቻለሁ። ሕመም መስሎኝ መድኃኒት እጨምርላቸው ነበር።

አንድ ዓርብ ጠዋት አንሶላቸውን ቀይሬ ስጨርስ እጄን ያዙኝ። ናኒ ሥራ ሄዳለች።

"ዌይኒ፣ ስልኬ ውስጥ የማኮአ ቁጥር አለ። ደውይለት። እንዲመጣ እፈልጋለሁ።"

"ናኒ ስትመጣ ትደውልለት የለ፣ አንክል።"

"ናኒ አትስማ። ተቀመጪ።"

ተቀመጥኩ። 

"ሃይስኩል ሳሠለጥነው ከሜይንላንድ ትልቁ ኮሌጅ ሊወስደው ነበር" አሉኝ። "ሁሉም አልቆ ነበር። የኮሌጁ መልማይ ለመጨረሻ ጊዜ ሊጠይቀኝ ደወለ። ልጁ ጤናው እንዴት ነው አለኝ። ትከሻው ሦስት ጊዜ ወልቋል፣ ይደብቃችኋል እንጂ ደህና አይደለም አልኩት። ጸባዩም አስቸጋሪ ነው፣ ፖሊስ ያውቀዋል አልኩት።"

"እውነት ነበር?"

"አንዱም አልነበረም።"

"ለምን?" አልኩ።

"አንቺ አታውቂውም። በየዓመቱ ምርጡን አውሮፕላን ጭኖብን ይሄዳል። ከዚያ የሌላ ሰው ስም ደረታቸው ላይ ጽፈው በቴሌቪዥን እናያቸዋለን። እኛ መሬታችንን ለቱሪስት፣ ልጆቻችንን ለሜይንላንድ ሰጥተን ምን ቀረን? አንድ ልጅ ለእኛ ይቅር አልኩ። አንድ ብቻ።" ትንፋሽ አጠራቸውና አረፉ። "ያን ክረምት ማኮአ ስልክ አጠገብ ተቀምጦ ከረመ። ማንም አልደወለም። ቤቱ ሄድኩና፣ እነሱ ባይፈልጉህ እኛ እንፈልግሃለን አልኩት። አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። እኔም አብሬው አለቀስኩ። የውሸት ለቅሶ አልነበረም፣ ዌይኒ። ያ ነው የሚገርመኝ።"

"ይህን ለቄስ ነው መናገር ያለብዎት" አልኳቸው።

"ለቄስ ምን ይጠቅመዋል? ለእሱ ነው የምነግረው። ምናልባት እኔ ሳልደርስ ከቀረሁ አንቺ ንገሪው።"

"አንክል፣ ይህ የእኔ ጉዳይ አይደለም።"

"ለዚህ እኮ ነው አንቺን የመረጥኩሽ። ከደሴቱ ያልሆነ ሰው በዚህ ቤት አንቺ ብቻ ነሽ። ከእኛ ማንም አይነግረውም። ሁሉም ለእኔ ያዝናሉ።"

እሺም እምቢም ሳልል ተነሳሁ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና እጄን ታጠብኩ። ቆሻሻ የለበትም፤ ግን ደጋግሜ ታጠብኩ።

አሁን ወዳልኳችሁ ነገር ልመለስ። የሶልያና የስኮላርሺፕ ደብዳቤ የመጣ ሳምንት ዶክተር ጋ ሄጄ ነበር። ዶክተሯ "ደም ግፊትሽ ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ጨው ቀንሺ፣ በእግርሽ ተንቀሳቀሺ" ብላ ሸኘችኝ። ሌላ ቃል አልወጣትም። ቤት ስገባ ልጄ ላፕቶፗ ላይ የዚያን ኮሌጅ ዶርም እያየች እየሳቀች ነበር። እኔም ሶፋው ላይ ተቀመጥኩና "ልቤ ደክሟል አሉኝ" አልኳት። "ብቻሽን ባትሆኚ ይሻላል አሉኝ።" ሳስበው የቆየሁት ነገር አልነበረም፤ አፌን ስከፍት ወጣ። እሷ ላፕቶፑን ቀስ ብላ ዘጋችው። አንድም ጥያቄ አልጠየቀችኝም። በሳምንቱ፣ "ማሚ፣ አይም ስቴይንግ" አለችኝ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ውሸቴን እንኳ ረሳሁት። እውነት የታመምኩ ይመስለኝ ጀምሮ ደረጃ ስወጣ ደረቴን እይዝ ነበር።

ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ ደወልኩ። የሰማሁት ወፍራም፣ የተረጋጋ ድምፅ ነው።

"አንክል ፈለገኝ?" አለ ማኮአ። "ራሱ ነው ያለሽ?"

"ራሳቸው ናቸው። ብዙ ጊዜ የላቸውም።"

"ዛሬ እስከ ማታ ሥራ ነኝ። ነገ በጠዋት እመጣለሁ። መኪናዬ ጋራዥ ናት፤ በባርት ባቡር እመጣለሁ።"

የሚኖረው ፍሩትቬል ነው፤ ከእኔ ቤት አሥር ደቂቃ አይሞላም። ቅዳሜም ሺፍት ስላለኝ "እኔ በመንገዴ እወስድሃለሁ" አልኩት። ለናኒ ማኮአ ሊጠይቅ እንደሚመጣ ብቻ ቴክስት አደረግኩላት። "ኦ፣ አባዬ ምን ያህል እንደሚወደው" ብላ መለሰችልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ከፍሩትቬል ጣቢያ ፊት ለፊት ቆሞ አገኘሁት። አርባ ስምንት ዓመት ይሆነዋል። ፎቶው ላይ ያለው ትከሻ አሁንም አለ፤ ቀኝ እግሩን ግን ይጎትታል። የታጠበና የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል። እጁ ላይ ከአረንጓዴ ቅጠል የተጎነጎነ፣ እነሱ ለክብር አንገት ላይ የሚያጠልቁት ጌጥ ይዟል። "ትናንት ከሥራ ስመለስ ነው የሠራሁት" አለኝና ሲቀመጥ እንዳይጨፈለቅበት በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ያዘው።

ወደ ደቡብ የሚወስደው ፍሪዌይ ቅዳሜም ቢሆን ጭንቅ ነው። ቀስ እያልን ሄይዋርድ ጋ ስንደርስ ስልኬ ጮኸ። ከመኪናው ስፒከር ጋር የተገናኘ ስለሆነ ሳላስበው ጣቴ ቀድሞ ተጭኖታል።

"አንቲ" አለች ናኒ። "አባዬ አረፈ። አሁን ከአንድ ሰዓት በፊት። ተኝቶ ነበር፤ ድንገት ትንፋሹ ቆመ።"

"ናኒዬ" አልኩ።

"ማኮአ አብሮሽ ነው? ንገሪው። ይምጣ። አባዬ ሊያየው ፈልጎ ነበር።"

ስልኩ ተዘጋ። ማኮአ ወደ ፊት እያየ ነው። እንባው ጉንጩ ላይ ሲወርድ አልጠረገውም።

"ለምን ነበር የፈለገኝ?" አለኝ ቆይቶ። "የነገረሽ ነገር አለ?"

"ሊያዩህ ፈልገው ነው" አልኩት።

ልዋሽ አልፈለግኩም፤ ነገር ግን ያ ቃል ከአፌ ሲወጣ ቀለል አለኝ። ሟች ሞቷል፣ ሕያው በሰላም ይኑር፤ ማን ይጠይቀኛል አልኩ በልቤ።

"ይበቃኛል" አለ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ማውራት ጀመረ። "በሕይወቴ የፈለገኝ ሰው እሱ ብቻ ነው። ሜይንላንድ ያሉት አዩኝ፣ መዘኑኝ፣ ተዉኝ። ምን ጎድሎኝ እንደሆነ ሳስብ ሠላሳ ዓመት ሆነኝ። ፍጥነት ነው? ቁመት ነው? ጨዋታዬን በቪዲዮ እያየሁ ጉድለቴን ፈልጌያለሁ። እናቴ እስክትሞት ድረስ፣ አይዞህ ልጄ፣ ለእነሱ ባትበቃም ለእኛ በቅተሃል ትለኝ ነበር።"

ከፊታችን ያለው መኪና ሲንቀሳቀስ ተከተልኩት።

"አሁን ልጄ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ቮሊቦል ትጫወታለች፤ ጎበዝ ናት ይሉኛል። ትልልቅ ኮሌጅ አፕላይ ላድርግ አለችኝ። ተይው አልኳት። እኛን የሚወስዱን ሰዎች አይደሉም፣ ልብሽ ይሰበራል አልኳት። በቃ ተወችው። እኔ የደረሰብኝ እንዳይደርስባት ብዬ ነው።"

ቅድም ቀለል ያለኝ ነገር ተመልሶ ደረቴ ላይ ተቀመጠ። ፍሪሞንት መውጫ ላይ ሳላስበው ወጣሁና የአንድ የተዘጋ የዕቃ መደብር ፓርኪንግ ውስጥ አቆምኩ። ሞተሩን አጠፋሁ።

"ምን ሆንሽ?" አለኝ።

"የነገሩኝ ነገር አለ።"

እንደሰማሁት ነገርኩት። የስልኩን ነገር፣ የትከሻውን፣ የፖሊሱን። ክረምቱን ስልክ አጠገብ መቀመጡን አንክል ኪሞ ያውቁ እንደነበር ሳይቀር። ስናገር መሪውን በሁለት እጄ ይዣለሁ። እሱን አላየሁትም።

"ትከሻዬ" አለ። ቀስ ብሎ ቀኝ እጁን አነሳና ግራ ትከሻውን ነካ፤ እውነት ወልቆ እንደሆነ የሚያረጋግጥ ይመስል ነበር። "ትከሻዬ አንድ ቀን ታሞ አያውቅም።"

ቅጠሉን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀምጦ ወረደ። ባዶው ፓርኪንግ ውስጥ እግሩን እየጎተተ ሄደ፤ ጥግ ያለው አጥር ጋ ሲደርስ ተመለሰ፤ ደግሞ ሄደ። ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ አልቆጠርኩም። ጥሎኝ የሚሄድ መሰለኝ። አንድ ጊዜ አጥሩን በጥፊ መታው፤ ሽቦው እስከ ዳር ተንቀጠቀጠ። እኔ ከመኪናው አልወረድኩም። የማጽናናው ሰው እኔ ነኝ? ራሴ እንደዚያው ያደረግኩ?

ተመልሶ ገባና በሩን ዘጋው።

"ማን ያውቃል?"

"አንተና እኔ።"

"ናኒስ?"

"አታውቅም።"

"እንሂድ" አለ።

"ቤት ልመልስህ?"

"እንሂድ አልኩሽ እኮ። ሰውዬው ሞቷል። ሰው ሞቶ ሳለ ከመንገድ አይመለስም።"

ናኒ በሩን ስትከፍት ማኮአ ደረት ላይ ወደቀች። እሱም እንደ እህቱ አቀፋት። አንክል ኪሞ አልጋቸው ላይ ናቸው፤ ናኒ ፊታቸውን አጥባ ጸጉራቸውን አበጥራላቸዋለች። ማኮአ ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ። ቅጠሉን አንገታቸው ላይ አላጠለቀም። ጉልበቱ ላይ እንደያዘው የቀብር አስፈጻሚዎቹ እስኪመጡ ድረስ ቁጭ አለ። ከፊት ለፊቱ የራሱ ፎቶ ነበር።

ናኒ ውሃ ይዛለት መጣችና "ምን ሊነግርህ ነበር የፈለገው?" አለችው።

ኩሽና በር ላይ ቆሜያለሁ። ቀና ብሎ አየኝ።

"ሊሰናበተኝ" አላት።

"ቀብሩ ላይ አንተ እንድትናገር እፈልጋለሁ። እንዴት እንዳስቀረህ ንገራቸው። የሕይወቱ ትልቁ ሥራ አንተ ነበርክ።"

ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶውን ቀና ብሎ አየ። ከዚያ "እሺ" አለ። አስከሬኑን ሲያወጡት የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ይዞ እያነከሰ አብሯቸው ወጣ። ቅጠሉን ወንበሩ ላይ ትቶት ነበር፤ ናኒ አንስታ አባቷ ላይ አደረገችው።

መመለሻውን በባርት እሄዳለሁ አለኝ። ሚልፒታስ ጣቢያ ሳደርሰው ወዲያው አልወረደም።

"የሚያናድደኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?" አለኝ። "ያን ሁለት ዓመት ደስተኛ ነበርኩ። ሰው መንገድ ላይ ያቆመኝ ነበር። አያቴ ስታዲየም ገብታ ስሜን ሰምታለች። ያኛው ሕይወት ምን እንደነበር አላውቅም፤ ምናልባት እዚያም ጉልበቴ ይሰበር ነበር። ግን እኔ ራሴ መርጬው ቢሆን ኖሮ ይህን ደስታ አሁን ማስታወስ እችል ነበር። አሁን ምን ላድርገው?"

ወርዶ በሩን ከዘጋ በኋላ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ "ስለነገርሽኝ አላመሰግንሽም" አለኝ። "ግን ባትነግሪኝና አንድ ቀን ባውቅ ኖሮ አልምርሽም ነበር።"

ቤቴ ስደርስ ገና ከሰዓት በኋላ ነው። ሶልያና ምግብ ጠረጴዛው ላይ እያነበበች ነበር። ሺፍቴን ሳልጨርስ ስገባ ብድግ አለች።

"ማሚ፣ አር ዩ ኦኬ? ልብሽ ነው?"

ጫማዬን ሳላወልቅ ተቀመጥኩ። "ልቤ ደህና ነው" አልኳት። "መጀመሪያም ደህና ነበር። ዶክተሯ ስለ ልብ አንድም ነገር አላለችኝም። ጨው ቀንሺ ነው ያለችኝ።"

ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ልጄ ግን መጥታ አቀፈችኝ። "ሶ ዩ አር ኖት ዳይንግ?" አለችኝ። "ማሚ፣ አትሞቺም? ሌሊት ሌሊት በርሽ ላይ ቆሜ ትንፋሽሽን እሰማ ነበር። ኤቭሪ ናይት።" እየሳቀች ታለቅሳለች። እኔ እጄን አንስቼ ላቅፋት አልቻልኩም፤ ምክንያቱም ነገሩ ገና እንዳልገባት አውቄያለሁ።

ሲገባት አወቅሁ። ሰውነቷ ቀስ እያለ ደረቀ። እጆቿን ከአንገቴ አንድ በአንድ አነሳች።

"ዋይ?" አለችኝ።

"እንዳትሄጂብኝ።"

ወደ መኝታ ክፍሏ ገባች። በሩን ወርውራ አልዘጋችም፤ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። ሰኞ ወደዚያ ኮሌጅ ደወለች፤ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ሴትዮዋ በትሕትና፣ ቦታው ለሌላ ተማሪ እንደተሰጠ፣ ስኮላርሺፑም እንደሞላ ነገረቻት። ሶልያና "ታንክ ዩ ፎር ዩር ታይም" አለችና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ማኮአ ቀብሩ ላይ ተናገረ። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰማሁት። አንክል ኪሞ ጫማ ለሌላቸው ልጆች ጫማ ይገዙ እንደነበር፣ ልምምድ ሲያልቅ በራሳቸው መኪና እየጫኑ ቤት ለቤት ያደርሷቸው እንደነበር ተናገረ። ሁሉም እውነት ነው። እንዴት እንዳስቀሩት አልተናገረም፤ ሰዉ ግን ሰምቶት የኖረው ታሪክ ስለሆነ ራሱ ጨምሮበት አለቀሰ። ይህን እንድጽፍ የፈቀደልኝ ስሙን ከቀየርኩ ብቻ ነው፤ ቀይሬያለሁ። የሌሎቹንም ቀይሬያለሁ። የራሴን ግን አልቀየርኩም።

ይህን የምታነቡ፣ እንደ እኔ አንድ ልጅ ብቻ ያላችሁ እናቶችና አባቶች ትኖራላችሁ። ያን ያደረግኩት ልጄን ወድጄ ነው። አንክል ኪሞም አገራቸውንና ልጁን ወደዋል። የወገን ልጅ ከወገኑ ጋር ይቅር ማለት ክፉ ነገር ነው አልላችሁም፤ እኔም አሁን ድረስ ልቤ የሚለው ያንኑ ነው። ቅሪልኝ ብዬ ብለምናት ኖሮ ምናልባት ትቀርልኝ ነበር። ወይም ትሄድ ነበር። አንክል ኪሞም ማኮአን ቢለምኑት ኖሮ ምን ይል እንደነበር ማንም አያውቅም። እኔም እሳቸውም መለመኑን ፈራን። መልሱ እምቢ እንዳይሆን ጥያቄውን ሰረቅነው። ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ፤ ቀኖናም ተቀብያለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይለኛል ብዬ አምናለሁ። ልጄ ግን እግዚአብሔር አይደለችም፤ እሷ የምትኖረው ሕይወት አንድ ነው።

የማኮአ ልጅ አፕላይ አድርጋ ከደሴቱም ከካሊፎርኒያም የራቀ ኮሌጅ ተቀብሏታል። የተሸኘች ቀን ደወለልኝ። "አትሂጂ የሚለው ቃል ኤርፖርት ድረስ ጉሮሮዬ ላይ ነበር" አለኝ። "ነገርኳት። እንዳትሄጂ እፈልጋለሁ አልኳት። አውቃለሁ ዳዲ አለችኝና ሄደች።"

ሶልያና እዚሁ ኮሌጅ ትማራለች። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ዳውንታውን ኦክላንድ አካባቢ ቤት ተከራይታለች። እሁድ እሁድ ትመጣለች፤ ታከብረኛለች፤ ዕቃ ታጥባለች። ተቆጥታኝ አታውቅም።

ባለፈው ጥቅምት ማኅፀኔ ላይ ዕጢ ተገኝቶ ኦፕራሲዮን ያስፈልግሻል ተባልኩ። ለእሷ ሳልነግራት ሦስት እሁድ አለፈ። በአራተኛው፣ ዕቃ እያጠበች ሳለ ከኋላዋ ቆሜ ነገርኳት። ውሃውን ዘጋች። ዘወር ብላ ፊቴን አየችኝ፤ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ እጇን በፎጣ አደረቀችና በአማርኛ፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ "ወረቀቱን ላየው እችላለሁ?" አለችኝ።

ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ቆማ ከመጀመሪያው መስመር እስከ ዶክተሩ ፊርማ ድረስ አነበበችው። ሁለተኛውንም ገጽ ገልብጣ አነበበች። አጥፋ መለሰችልኝና "ኦኬ" አለች። "በየትኛው ቀን ነው? እኔ እወስድሻለሁ።"